የሩብ ሰዓት ዝምታ

ሰኔ ዘጠኝ ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ሐረገ ወይን ንፋስ መውጫ ባለችው ጠባብ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለ በሬዲዮ መገናኛው የታሂር ድምፅ መጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን ድምፅ ልትጠላው ስትታገል ሰንብታለች። አሁን ሲመጣ ግን ልቧ ከዳት።

“ንፋስ መውጫ፣ ስማዳ ነኝ። ይሰማል?”

“ይሰማል። ቀጥል።”

“የስማዳው ርጭት አለቀ። ወደ እስቴ ልነሳ ነው። በጉና በኩል ሰማዩ እንዴት ነው?”

በመስኮቱ ወደ ምዕራብ አየች። የጉና ተራራ እስከ ራሱ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል።

“ጉና ግልጥ ነው። ደመናው ከስምንት እጅ ሦስት እጅ። ነፋሱ ቀላል፣ ከምሥራቅ።”

“መልካም” አለ። “ሐረግ፣ ደብዳቤዬ ደረሰሽ?”

የምን ደብዳቤ እንደሆነ አላወቀችም፤ ለማወቅም አልፈለገችም።

“በዚህ መስመር የግል ጉዳይ አይነገርም። ጨርሻለሁ” አለችና መሣሪያውን ዘጋችው።

መዝጋት አልነበረባትም። ደንቡ የታወቀ ነው። አውሮፕላኗ ተነስታ እስክታርፍ ድረስ ሬዲዮው ክፍት መሆን አለበት። ግን እንደገና ቢጠራት እንደምታለቅስ አወቀች። በሬዲዮ ደግሞ አይለቀስም።

* * *

ሐረገ ወይን የቤተ ልሔሙ ድጓ መምህር የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ ናት። ታሂር የእስቴው፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሸማኔ የጁሃር ልጅ ነው። የተዋወቁት ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ነበር። እሷ የአየር ጠባይ መዝጋቢ ሆና ንፋስ መውጫ ተመደበች፤ ዝናቡን ትለካለች፣ ነፋሱንና ደመናውን ትመዘግባለች። እሱ ደግሞ ያልታሰበ ዕድል አጋጥሞት አብራሪ ሆነ። ትልቁን አውሮፕላን አይደለም። ማሳ ላይ መድኃኒት የምትረጨውን፣ ባለ አንድ ወንበሯን፣ ቀላሏን ነው። ከማሳ ማሳ ስለምትዘል ገበሬው “ፌንጣ” ይላታል። ጠንከር ያለ ነፋስ ሲመጣ እንደ ገለባ ትንገላታለች።

አራት ዓመት ተጻጻፉ። በዚህ ክረምት መግቢያ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ተምች ሲወርራቸው ታሂር ወደ አገሩ ተላከ። ከዚያ በኋላ ድምፁን በየቀኑ ትሰማው ጀመር። እሱ ስለ ደመና ይጠይቃል፣ እሷ ስለ ደመና ትመልሳለች። በቃላቱ መካከል ያለውን ግን ሁለቱም ያውቁት ነበር።

አባቶቻቸውም አወቁ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አልተቆጡም። ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ “ልጄ፣ ስትሞቱ የት ልትቀበሩ ነው? አንቺ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ እሱ ከመስጊዱ መቃብር? ከሞት በኋላ የሚለያይ ትዳር ምን ይሉታል?” ብለው ጠየቋት። ጁሃርም ልጁን፣ “የሚወለደውን ማን ብለህ ትጠራዋለህ?” ብሎት ነበር።

ከዚያ በዒድ ማግስት ወሬው መጣ። ጁሃር ለልጁ አዚዛን፣ የጨርቅ ነጋዴውን የዳውድን ልጅ፣ ሽማግሌ ልኮ ጠይቋል፤ ዳውድም እሺ ብሏል። ገበያው ሁሉ አወራው። ሐረገ ወይን ቁጭ ብላ ሦስት መስመር ጻፈችለት። “እንኳን ደስ ያለህ። አዚዛ መልካም ልጅ እንደሆነች ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ ከእኔ የምትሰማው የአየሩን ሁኔታ ብቻ ነው።”

የእሱ መልስ አልመጣም። እሷ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው።

* * *

ሬዲዮውን ከዘጋች በኋላ ፊቷን ታጠበች፤ መዝገቧን ይዛ የስድስት ሰዓቱን ልኬታ ለመውሰድ ወደ ግቢው ወጣች። ከደጃፉ ገና ሁለት እርምጃ እንደራቀች ቀሚሷ በሌላ አቅጣጫ ተመታ። የነፋስ ማሳያው ቀስት ዞሯል። ምሥራቅ የነበረው ነፋስ ምዕራብ ሆኗል፤ እያየችው ይበረታል።

ቀና አለች። ከጉና ጀርባ እንደ ከሰል የጠቆረ ደመና ተነስቶ የተራራውን ራስ ውጦታል። ከደመናው ሥር ነጭ ነገር እንደ መጋረጃ ወደ መሬት ተዘርግቷል። በረዶ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም።

ሮጣ ገባች። ሬዲዮውን ከፈተችው።

“ስማዳ፣ ስማዳ። እንዳትነሳ። ጉና ተዘግቷል፣ በረዶ አለ። ታሂር፣ ትሰማኛለህ?”

የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። መሣሪያው ተዘግቶ የቆየው ለሩብ ሰዓት ነው። ስማዳና ጉና መካከል ባሉት ሸንተረሮች ውስጥ ከገባ ድምፅ አይደርሰውም። ያም ሆኖ ጠራችው። ሃያ ጊዜ ይሁን ሠላሳ፣ አላወቀችም። መጀመሪያ በደንቡ ጠራችው፤ በኋላ ግን “የኔ ጌታ፣ ተመለስ” ስትል ራሷን ሰማችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከእስቴ መልእክት ደረሰ። ፌንጣ አልመጣችም።

ሐረገ ወይን መዝገቧን ገለጠች። በዕለቱ አምድ ላይ፣ ማንም ሳያዛት፣ በገዛ እጇ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ከ5፡55 እስከ 6፡10 ሬዲዮው በእኔ ተዘግቶ ነበር።” ስሟን ፈረመችበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ ዘጋችው። ልቧ ውስጥ ያለው ፍርሃት ስለ ራሷ አልነበረም፤ ለራሷ የሚሆን ፍርሃት አልተረፋትም።

* * *

የእስቴ ሰዎች ፍለጋውን የጀመሩት በራሳቸው በኩል፣ በጉና ደቡባዊ ግርጌ ነበር። ሐረገ ወይን ግን የግብርናውን ሹፌር፣ “በዚያ የለም” አለችው።

“በምን አወቅሽ?”

“ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ተራራውን ዘሎ ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ይደፍቃል። የእስቴን መንገድ በረዶው ከዘጋበት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይሸሻል። ያለው ወደ እኛ ባለው ትከሻ ላይ፣ ከገብስ እርሻው በላይ ነው።”

ሹፌሩ አደነ ይባላል፤ ብዙ አይናገርም። መኪናውን አስነሳ። ክምር ድንጋይ ከተማ ሳይደርሱ ከዋናው መንገድ ወጡና ጭቃው እስከያዛቸው ድረስ ሄዱ። ከዚያ በእግር ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ተከተሏት። መሬቱ በበረዶ ነጭ ነበር፤ ቡቃያው ተጋድሟል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በዝናቡ መካከል የሞተር ድምፅ ሰምቶ ድንገት እንደቆመ ነገራቸው፤ በእጁም ሽቅብ አመለከተ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አገኙት። አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተክላ አንድ ክንፏ ተገንጥሏል። በረዶው ገላዋን በስቶታል። ታሂር ከመቀመጫው በቀበቶው እንደታሰረ ነው። ግራ እግሩ ከብረት በታች ተይዟል። ፊቱ ደም ነው፣ ከንፈሩ ሰማያዊ።

ሐረገ ወይን ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። ከድሮ ጀምሮ የምትፈራው ነገር፣ ሰው ያየኛል የሚለው፣ በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። አንድ ምት ሰማች። ቆየና ሌላ።

“አለ” አለች።

ዓይኑን ገለጠ። ማን እንደሆነች ያወቀ አልመሰላትም።

“ገበሬዎቹ…” አለ በደከመ ድምፅ። “እስቴ… እየጠበቁኝ ነው።”

“ይጠብቁ” አለችው። ነጠላዋን አውልቃ ደረቱን ሸፈነችው፤ እስከ መኪናው ድረስም የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ለማንም አልለቀቀችም።

* * *

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሐኪሞቹ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሌላ መንገድ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አደነ ወደ ሆስፒታሉ በር መጥቶ አንድ የተጨማደደ ፖስታ ሰጣት። ከእስቴ የመጣ የጭነት መኪና ጭቃ ይዞት አራት ቀን ቆሞ ኖሯል። ፖስታው በዚያ መኪና ሹፌር ኪስ ነበር። የታሂርን የእጅ ጽሑፍ ስታይ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ አነበበችው።

“ሐረግ፣ አባቴ ወደ ዳውድ ቤት ሽማግሌ የላከው ሳይጠይቀኝ ነው። ነገሩን የሰማሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። ዛሬ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ‘አዚዛ ጨዋ ልጅ ናት፤ ልቤ ሌላ ቦታ እያለ አላታልላትም’ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቁጭ አለ። ሁለት ደግ አባቶችን አሳዝኜ የማገኘው ደስታ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም። ግን ሰማይ ላይ ሆኜ ድምፅሽን ስሰማ የማርፍበት መሬት ያለኝ ይመስለኛል። እምቢ የምትዪም ከሆነ በአፍሽ ንገሪኝ። በወረቀት አትግደይኝ።”

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን መጨረስ አልቻለችም።

ከቀትር በፊት ጁሃር ደረሰ። ሌሊቱን በጭቃ የመጣ ሰውዬ ነው፤ ጋቢው እስከ ወገቡ ረጥቧል። ልጁን ካየ በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐረገ ወይን ከፊቱ ቆመች።

“አባባ ጁሃር፣ ሐረገ ወይን እኔ ነኝ።”

“አውቄሻለሁ።”

“ልጅዎን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ተቀይሜ ሬዲዮውን ዘጋሁበት። ማዕበሉ ሲመጣ ልነግረው መሣሪያው ላይ አልነበርኩም። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው።”

ሽማግሌው ብዙ ጊዜ እጆቹን ሲያይ ቆየ። ዕድሜውን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩ ቀጫጭን ጣቶች ናቸው።

“እውነቱን ስለነገርሽኝ አልረግምሽም” አለ በመጨረሻ። “ዛሬ ግን ከፊቴ ዞር በይልኝ፣ ልጄ። ዛሬ አልችልም።”

ዞር አለች። ‘ልጄ’ ያላት ቃል ከቁጣ ይልቅ አቆሰላት።

* * *

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አጣሪ ኮሚቴ መጣ። የመንግሥት አውሮፕላን ወድቋል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር “አሻጥር” ተብሎ ቢጻፍ መዘዙ የሚታወቅ ነው። ታሂር መነሳት ስለማይችል ምርመራው ከአልጋው አጠገብ ሆነ። ሰብሳቢው ሽበት የጀመረው አንድ ሻምበል ነበር። ሐረገ ወይንን ከአልጋው ግርጌ አስቀመጧት። ከአደጋው ወዲህ ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲሆኑ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ሕመሙ ሲበረታበት እሷ በበሩ ስንጥቅ ታየው ነበር፤ መግባት ግን አልደፈረችም።

“ጓድ ታሂር፣ ከመነሳትህ በፊት ስለ ማዕበሉ ተነግሮህ ነበር?”

“አዎ” አለ ታሂር። ዓይኑን ከጣሪያው አላነሳም። “መዝጋቢዋ ‘በረዶ ስላለ አትነሳ’ ብላኛለች። ትእዛዟን ጥሼ ተነሳሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።”

ሐረገ ወይን ተነስታ ቆመች።

“ይህ እውነት አይደለም፣ ጓድ ሻምበል። ሬዲዮው ተዘግቶ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ይመልከቱት።”

“አትስሟት” አለ ታሂር። ከትራሱ ቀና ለማለት ሲሞክር ፊቱ በሕመም ተጨማደደ። “ስለምታዝንልኝ ነው። እግሬ ሄዷል፤ ከእንግዲህ አላበርም። የእኔ ነገር አልቋል፤ እሷን ለምን ትጨምራላችሁ?”

“የአንተ ነገር ካለቀ፣ የእኔስ ነገር የት አለ?” አለችው። የመጣችበትን ሁሉ ረስታ ለእሱ ብቻ ነበር የምትናገረው። “አንተ በውሸት አድነኸኝ፣ እኔ በእያንዳንዱ ጠዋት ያንን መሣሪያ ስከፍት ምን ብዬ ልከፍተው ነው? ታሂር፣ ያጠፋሁትን አትውሰድብኝ። እሱን እንኳ ተውልኝ።”

ሻምበሉ መዝገቡን ገልጦ አነበበው፤ ከዚያ ታሂርን አየው።

“ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። እሷ ደግሞ ፈርማለች። አሁን እውነቱን ንገረኝ።”

ታሂር ዓይኑን ጨፈነ።

“ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ሁለት ጊዜ ጠራኋት” አለ። “መልስ የለም። ደንቡ፣ መልስ ካላገኘህ አትነሳ ይላል። አውቀዋለሁ። እኔ ግን ዝምታዋን ለደብዳቤዬ የተሰጠ መልስ አድርጌ ወሰድኩት። ‘እንግዲህ ይህ ከሆነ’ ብዬ ተናድጄ ተነሳሁ። ጉና ላይ ጥቁሩን ሳየው መመለሻ ጊዜ ነበረኝ። አልተመለስኩም። ግድ አልነበረኝም።” ዓይኑን ገልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። “እግሬን የበላው ያንቺ ሩብ ሰዓት አይደለም፣ ሐረግ። ይህን እንዳትሰሚ ነበር የዋሸሁት።”

ሻምበሉ ብዕሩን አስቀመጠ።

“እኔ የመጣሁት ስለ አየር ጠባይ ልጠይቃችሁ ነበር” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለጓደኞቹ ምልክት ሰጣቸውና ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ከግርጌው እስከ ራስጌው ያለው መንገድ አራት እርምጃ ነው። ሐረገ ወይን ሄደችው። ግንባሯን እጁ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ለጠፋው እግር ነበር፣ ለጠፋው ሳምንት ነበር፣ ባለመሞታቸውም ነበር።

* * *

አሻጥር ተብሎ አልተጻፈም። “ቸልተኝነት” ተባለ። ሐረገ ወይን ከሥራዋ ተሰናብታ አራት ወር እንድትታሰር ተወሰነ። ታሂር የአብራሪነት ፈቃዱን መለሰ።

ደብረ ታቦር በታሰረች በሁለተኛው ዓርብ ስሟ ተጠራ፤ ስንቅ መጥቶልሻል ተባለች። ወደ አጥሩ ስትወጣ ጁሃር ቆሟል። ከመስጊድ እንደወጣ ነው የመጣው። ዳቦና ወተት ይዟል።

“ብይ” አላት። “ከስተሻል።”

“አባባ ጁሃር፣ ይቅርታዎን…”

“በኋላ። መጀመሪያ ብይ።”

ከዚያ ወዲህ አንድም ዓርብ አልቀረም። አዚዛ በመስከረም ሌላ ሰው ማግባቷንም የነገራት እሱ ነው።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የመጡት በሦስተኛው ወር ነበር። ከቤተ ልሔም በበቅሎና በመኪና የመጡ፣ መንገዱ ያደከማቸው አባት፣ የልጃቸውን ፊት በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ብዙ ጊዜ አዩት።

“ልጁን ቤቱ ድረስ ሄጄ አየሁት” አሏት።

አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች።

“ሰው ነው” አሉ። “ልክድ አልችልም። ሐረገ ወይን፣ እኔ ልመርቅሽ አልችልም። ያስተማርኩት ሁሉ አይፈቅድልኝም። ልረግምሽ ደግሞ መንገድ ስጀምር አስቤ ነበር። እዚህ ስደርስ አንደበቴ እምቢ አለ። ከዚህ በላይ ከእኔ አትጠብቂ።”

“አልጠብቅም፣ አባቴ። መጥተዋል፤ ይበቃኛል።”

ጣቶቻቸውን በቀዳዳው አሾልከው ግንባሯን ነኩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ሄዱ። ሐረገ ወይን ግንባሯን ሳትነካው ዋለች።

የተፈታችው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ጠዋት ነበር፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱ መብሰል ጀምሯል። በሩ ሲከፈት ታሂር በሁለት ክራንች ተደግፎ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየችው። ከስቷል። ሱሪው በግራ በኩል ታጥፎ በመርፌ ተይዟል። ወደ እሷ ሊመጣ ሲል አንዱ ክራንች ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ፤ ራሱን መልሶ አቆመ። አልሮጠችለትም። በራሱ ሊመጣ መፈለጉ ገባት፤ ቆማ ጠበቀችው።

“ቆምሽልኝ” አለ ሲደርስ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

“ቆምኩልህ።”

“ሸማ እየሠራሁ ነው። አባቴ ሙያውን እያስተማረኝ ነው። መርገጫው ለአንድ እግር ስለማይመች አስተካክሎልኛል። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም።”

“እኔም ሥራ የለኝም። የእስረኛ ስም አለኝ። አባቴም አልመረቁኝም።”

“አውቃለሁ። ነግረውኛል።” ክራንቹን አስተካከለ። “በደብዳቤዬ የጠየቅሁሽን በአፍሽ አልመለስሽልኝም።”

ሐረገ ወይን አየችው። አራት ወር ሙሉ ይህን ሰዓት ስታስበው ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ አንዱም አልመጣላትም።

“እሺ” አለችው።

ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወስደውን ዳገት ጀመሩት። እሱ በክራንቹ ሁለት እርምጃ ሄዶ ያርፋል፤ እሷም ታርፋለች። የገበያ ሰው ያልፋቸዋል፤ አንዳንዱ ዞሮ ያያል፣ አንዳንዱም ይንሾካሾካል። ከፊታቸው ምን እንዳለ ሁለቱም አላወቁም፤ ቀላል እንደማይሆን ግን ያውቁ ነበር። ሐረገ ወይን እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር እያስተካከለች ስትሄድ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ቀስ ብላ ሄዳ እንደማታውቅ፣ እንደዚያ ቀንም የመድረስ ጉጉት ሳይኖራት፣ አብሮ መሄዱ ብቻ በቅቷት ሄዳ እንደማታውቅ ተሰማት።